ጠጅ ሳር ከጓሮ እስከ በራድ፦ ከወሎ አንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ስለ ጤና አዳም ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጠጅ ሳር ሆነው አገኘኋቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስም አልጻፍኩም፣ ከየት እንደመጡ ብቻ ነው የጠቀስኩት። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት መስመር ያልቃል።

ኮምቦልቻ ካለችው እህቴ ጓሮ ጠጅ ሳር አምጥቼ ተከልኩ። የሷ ደረት ይደርሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየቆረጠው አያልቅም። የኔ ክረምቱን ደህና ከርሞ ኅዳር ላይ ቢጫ ሆነ፣ አሁን ጭራሽ ደርቋል። ምን አጉድዬ ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

ምንም አላጎደልሽም እህቴ። ብርዱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ቢሆኑም በከፍታ በጣም ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ሐረጎን ስትወርጂ ጃኬት የሚያስወልቅሽ ሙቀት ነው የእህትሽን ሳር ደረት ያደረሰው። ጠጅ ሳር ዘሩ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ዝናብ ይወዳል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ ውርጭ ግን አይችልም። ከኅዳር እስከ ጥር ከጦሳ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ግን አብሽሪ፣ ነቅለሽ አትጣይው። ቅጠሉ ሞቷል ማለት ሥሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ከመሬት ጋር የተያያዘውን የአንዱን ግንድ ደረቅ ሽፋን ላጥ ላጥ አድርጊና ውስጡን እዪው። ነጣ ያለ፣ ጠንካራና የሎሚ ሽታ ያለው ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማ ሆኖ ጭብጥ ሲያደርጉት ውሃ የሚወጣው ከሆነ ግን በስብሷል፣ እሱን አውጪው።

የደረቀውን ቅጠል አሁን አትቁረጪ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ለሥሩ ብርድ ልብስ የሆነው እሱ ነው። ብርዱ ሲያልፍ፣ የካቲት ላይ በልግ ከመግባቱ በፊት፣ ስንዝር ያህል አስቀርተሽ እጨጂውና ፍግ አልብሺው። ውሃም በብርዱ ወቅት ቀንሺ፤ ብርድና ጭቃ ሲገናኙ ነው ሥሩ የሚበሰብሰው። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመጨረሻውን አጨዳ ከመስከረም አታሳልፊ፣ ቅጠሉን እንደለበሰ ወደ ብርዱ ይግባ።

ቦታውንም አስቢበት። ግቢሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ አለ? እሱ ሥር ይሁን። ግድግዳው ቀን የሞቀውን ማታ ይመልስለታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሃያ ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጠሽ፣ ታቹን በስተሽ እዚያ ውስጥ መትከል ነው። ቀን ፀሐይ ላይ፣ ሲመሽ በረንዳ ላይ። ከደሴም ከፍ የምትሉ፣ የደላንታና የኩታበር ደጋ ሰዎች፣ ሜዳ ላይ ከመትከል ብትቀሩ ይሻላል። እናንተ ጋ በዕቃ ካልሆነ ድካም ነው።

መትከል ፈልጌ ዘሩን ገበያ ላይ አጣሁት። ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይተከላል? (ከኮምቦልቻ)

ዘሩን አትፈልግ ወንድሜ፣ የለም። ይሄ ሳር እኛ ጋ ሲያብብ ማየት ራሱ ብርቅ ነው፣ ቢያብብም ዘር አይዝም ማለት ይቻላል። የሚባዛው በግንጣይ ነው። ከአንድ እግር ጠጅ ሳር ብዙ ግንጣይ ይወጣል፣ ስለዚህ ሰው ጋ ሂድና ለምን። በወሎ ጠጅ ሳር ተለምኖ የነፈገ ሰው ካገኘህ ጻፍልኝ።

ስትገነጥል መሐሉን ተወው፣ እሱ ያረጀ ነው። ከዳር ዳር ያሉትን ወጣቶቹን ምረጥ። አፈሩን በጎን ቆፈር አድርግና ሥር ይዞ እንዲወጣ ወደ ታች ጫን ብለህ ገንጥል። ከዚያ ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርተህ ቁረጠው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳል፣ ለምለሙን ቅጠል ሙሉውን ይዞ ይተክላል፤ ሥሩ ገና ውሃ መሳብ ሳይጀምር ቅጠሉ ውሃውን ያተንነውና ተክሉ በሦስት ቀን ይጠወልጋል። ጉድጓዱ የነጩን ክፍል ያህል ብቻ ይጥለቅ። ዙሪያውን በእግርህ ረገጥ አድርገው። በአንዱና በሌላው መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተው። መጀመሪያ ስታየው የተራራቀ ይመስልሃል፣ በዓመቱ ግን መተላለፊያ ታጣለህ።

ጊዜው? መስኖ ከሌለህ ሰኔ መጨረሻ፣ ሐምሌ መጀመሪያ። የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ካለህ በልግም ይሆናል። መሬትህ ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚይዝ ከፍ ያለ መደብ ሥራለት።

ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መጀመሪያ ታጭዳለህ፣ ከዚያ በኋላ ሙቀትና ውሃ ካገኘ በየሁለትና ሦስት ወሩ። ከመሬት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር አስቀር፣ ከሥር ከላጨኸው ቶሎ አያገግምም። በማጭድ እጨደው እንጂ በእጅህ አትጎትት፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ ጣትህን የቆረጠህ ውሃ ስትነካ ነው የሚታወቅህ። ከየአጨዳው በኋላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጣል አድርግለት። በሦስተኛው አራተኛው ዓመት መሐሉ እየደረቀ ሲሄድ ነቅለህ፣ ገንጥለህ፣ እንደ አዲስ ትተክለዋለህ።

መሬትህ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ እርከኑ ጠርዝ ላይ ደርድረው። ሥሩ ብዙና የተጠላለፈ ስለሆነ አፈር ይይዛል። ከብትም ሌላ ሳር እያለለት ሽታውን ብዙም አይወደውም፣ ይሄ ልቅ ግጦሽ ላለበት ሰፈር ትልቅ ነገር ነው።

ቅጠሉ ሥር ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ። ይጠጣል? (ከሐይቅ)

አይጠጣም። ስንዴ ላይ የምታውቁት ዓይነት ዋግ ነው፤ ሳሩ ሲተፋፈግና ቅጠሉ ዘወትር ሲረጥብ ይመጣል። የታመመውን አጭዳችሁ አቃጥሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ስታጠጡ ሥሩ ላይ እንጂ ከላይ አታርከፍክፉ። ጫፉ ብቻ ከደረቀ ግን ዋግ አይደለም፣ የውሃ ጥም ወይም ብርድ ነው።

ሻይ ቤት ነው የምሠራው። የጠጅ ሳር ሻይ ስናቀርብ ደንበኛ "ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል" ይለናል። ቤት ስሠራው ግን ይጣፍጣል። ምን ይሻላል? (ከወልዲያ)

ደንበኛው እውነቱን ነው። ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ፦ ሳሩን ፀሐይ ላይ ነው የምታደርቁት፣ ወይም ደግሞ ጠዋት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምራችሁት እስከ ማታ ይፈላል። ምናልባትም ሁለቱንም።

የሎሚውን ሽታ የሚሰጠው ሲትራል የሚባል ቅባት ነው፤ ከጠጅ ሳር ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። ባሕርዩ በናኝ ነው። ከፍታችሁ ባፈላችሁት ቁጥር ቤቱ ይሸታል፣ ሻዩ ባዶ ይቀራል። መንገደኛው በር ላይ ሲደርስ "እንዴት ደስ ይላል" የሚላችሁ ለዚህ ነው፣ ሲቀምሰው ግን የለም።

እንዲህ ሞክሩት። ለአንድ ሊትር ውሃ አራት አምስት ረጃጅም ትኩስ ቅጠል ይበቃል። አቧራ ስለሚይዝ በደንብ እጠቡት። ሁሉንም አንድ ላይ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉና ቋጥሩት፣ ሲቋጠር ቅጠሉ ስለሚሰበር ሽታው ይወጣል፣ ሲበቃውም በማንኪያ አንሥቶ ለማውጣት ይመቻል። ግንዱ ካለ በዘነዘና አንድ ሁለቴ ምቱት። ውሃው ሲፈላ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ በትንሽ እሳት አምስት ደቂቃ። ከዚያ አውርዱና ሳትከፍቱ ሌላ አምስት ደቂቃ ተዉት። በቃ። ፔርሙስ ውስጥ ስትገለብጡ ሳሩን አብራችሁ አትክተቱት።

ዝንጅብል ከሱ ጋር ይስማማል። ቀረፋና ቅርንፉድ ግን እኔ አልጨምርም፣ ቅርንፉድ ከገባ ጠጅ ሳሩ መኖሩም አይታወቅ። የሻይ ቅጠል ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ጥቂት። ያለ ሻይ ቅጠል ከሆነ ካፌይን የለውም፣ ማታ "ሻይ እንቅልፍ ይነሳኛል" ለሚሉ ደንበኞች እሱን አቅርቡ። (ቡና ላይ ይጨመር ወይ ብለው የጻፉም አሉ። ኧረ ተዉ፣ በረካው ላይ ጤና አዳም አለልን።)

ለማድረቅ ጥላ ነው የሚያስፈልገው። በመቀስ ጣት ጣት አሳክሉት፣ ንፁህ ጨርቅ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ውስጥ በየቀኑ አገላብጡት። ስትሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተጣጠፈ ገና ነው፣ እንዲህ ሆኖ ከታሸገ ይሻግታል። ክዳኑ ግጥም በሚል ቆርቆሮ አኑሩት። በጠርሙስ ከሆነ ብርሃን የማያገኘው ቦታ ይሁን። ከዓመት በላይ ግን አታቆዩት።

ዓረብ አገር ስሠራ አብራኝ የነበረች ፊሊፒናዊት ጠጅ ሳር ሾርባ ውስጥ ትጨምር ነበር። ቤት ገብቼ ስሞክረው እንጨት እንጨት አለኝ። በሐይቅ ዓሣ ልሠራው ብዬ ነበር። (ከሐይቅ)

እንኳን በሰላም ገባሽ እህቴ! ጥያቄሽን ሳነብ ራበኝ። ፊሊፒኖች፣ ታይላንዶች፣ ቬትናሞች ጠጅ ሳርን እኛ ነጭ ሽንኩርትን በምንጠቀምበት ልክ ነው የሚጠቀሙበት። የታይላንዱ ቶም ያም የሚባለው ሾርባ ያለሱ የለም። አንቺ ቅጠሉን ነው ያበሰልሽው መሰለኝ። እነሱ ወጥና ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩት የግንዱን ታችኛውን ነጩን ክፍል ነው።

ሦስት ወፍራም ግንድ ከነሥሩ አውጪ። ሥሩን ቁረጪ፣ ውጭ ውጭውን ደረቅ ሽፋን ላጪ፣ ከታች ጣትሽን የሚያህለውን ነጭና ወይን ጠጅ የሚመስል ክፍል ብቻ አስቀሪ። በዘነዘና ቀጥቅጪው፣ እስኪሰነጣጠቅ እንጂ እስኪደቅ አይደለም።

አንድ ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ አስበልተሽ ሥጋውን ለዪ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን፣ መተንፈሻ ስንጥቡን አውጥተሽ፣ በደንብ አጥበሽ፣ ከጠጅ ሳሩ፣ ከአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ከሦስት አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ሃያ ደቂቃ ቀቅዪ። አጥልዪው። መረቁ ላይ ሁለት ቲማቲም ከትፈሽ፣ ቃሪያ ሰንጥቀሽ ጨምሪ። ቲማቲሙ ሲለሰልስ የዓሣውን ሥጋ ጨምሪ፤ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ይፈራርሳል። ካወረድሽ በኋላ አንድ ሎሚ ጭመቂበት። እሳት ላይ እያለ አትጭመቂ፣ ይመርራል። የድንብላል ቅጠል ካለሽ ከላይ በትኚበት። ያልበረደ እንጀራም ዳቦም ይሆናል። በጾም ለምትበሉም ዓሣ ከተፈቀደላችሁ ይሄው፣ ዘይት እንኳ የለበትም።

ከጓሮ የሚወጣው ግንድ ቀጭን ሆኖ ካስቸገረሽ ተፋፍጎ ወይም ውሃ አጥሮት ነው። ግንጣዩን አራርቂው፣ ፍግ ጨምሪ፣ ይወፍራል።

ቂቤ ሲነጠር ጠጅ ሳር ይገባል ወይ? (ከመካነ ሰላም)

ይገባል፣ የሚጨምሩ አሉ፣ እኔም እወደዋለሁ። ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር አንድ ቋጠሮ ይበቃል። ዋናው ነገር ካጠባችሁት በኋላ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ርጥብ ሳር ትኩስ ቂቤ ውስጥ ሲገባ ይፈነጥቃል፣ ውስጡ የቀረ ውሃ ደግሞ ቂቤውን ቶሎ ያበላሸዋል። አረፋው ሲያልቅ አጥልሉና ሳሩን ጣሉት።

የደም ግፊት አለብኝ፣ ኪኒን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጎረቤቴ "ኪኒኑን ተወውና ጠዋት ማታ ጠጅ ሳር ጠጣ፣ ስንቱ ድኗል" ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ? (ከከሚሴ)

አባባ፣ ኪኒንዎን እንዳይተዉ። ይቺን ከሁሉ አስቀድሜ ልበልዎት።

ደም ግፊት ክፋቱ አለማመሙ ነው። ኪኒኑን ያቆመ ሰው ለሳምንታት ምንም አይሰማውም፣ "ዳንኩ" ይላል፣ በጠጅ ሳሩም ይምላል። ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ወጥቶ አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። "ስንቱ ድኗል" የሚሉት ተለክተው ነው ወይ? ብለው ይጠይቁልኝ።

ሻዩን መጠጣት ክፉ አይደለም። በቀን አንድ ሁለት ስኒ፣ ስኳሩን ቀንሰው፣ ይጠጡ። በተለምዶ ጠጅ ሳር ሆድ ሲነፋ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ መንፈስ ሲረበሽ ይጠጣል። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያላላል፣ ሆድንም ያረጋጋል፣ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ከዝንጅብል ጋር ነው የምጠጣው። ከዚያ አልፎ መድኃኒት ነው ሲባል ግን ማስረጃው ይሳሳል። ዘይቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ እንደሚገድል ተደጋግሞ ታይቷል፤ ሳህን ላይ የሚሠራው ሁሉ ሰው ሆድ ውስጥ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ብራዚልም እንደኛው "ያረጋጋል፣ ያስተኛል" ተብሎ የሚጠጣበት አገር ነው። እዚያው ተመራማሪዎች ሻዩን በጎ ፈቃደኞች ላይ ሞክረውት በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሚያስተኛም ጭንቀት የሚያስታግስም ውጤት አላገኙበትም፣ ጉዳትም አላዩበትም። ለስኳር በሽታም የሚወራው አብዛኛው አይጥ ላይ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው። ሽንት ማብዛቱም ይነገርለታል፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን ከሆነ የሚወስዱት፣ ሻዩንም እንደሚጠጡ ለሐኪምዎ ይንገሩት።

"እርጉዝ ነኝ፣ ጠጅ ሳር መጠጣት እችላለሁ ወይ?" ብላ ለጠየቀችን የኩታበር እህታችንም እዚሁ ልመልስ። ምግብ ውስጥ ለጣዕም ያህል መግባቱ አያስጨንቅሽ። በብዛት እየቀቀሉ እንደ መድኃኒት መጠጣቱ ግን ከወለድሽ በኋላ ይቆይ፤ ዘይቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹ በከፍተኛ መጠን ሲሰጡ በአይጥ ፅንስ ላይ ጉዳት አሳይተዋል።

በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የጠጅ ሳር ዘይት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አይጠጣም። ቆዳ ላይ ከሆነ አንድ ጠብታውን በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አቅጥናችሁ፣ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። ሕፃን ልጅ ላይ አታድርጉት።

በሩ ላይ ጠጅ ሳር ከተከልኩ የወባ ትንኝ አይገባም ይባላል። እውነት ነው? (ከቆቦ)

ቆሞ ያለ ሳር ትንኝ አያባርርም። ሽታው የሚወጣው ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲታሽ ነው፣ የተጨመቀው ዘይት እንኳ ቆዳ ላይ ሲቀባ ትንኝ የሚያርቀው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ትከሉት፣ ግን አጎበሩን አታውርዱ። እናንተ ጋ ትኩሳት የያዘውን ሰው "ጠጅ ሳር ጠጥቶ ያልበው" ብላችሁ አታስተኙ፣ ቶሎ ደም ይመርመር። እግረ መንገዴን፣ እባብ ያባርራል የሚለውንም አትመኑ። ያልታጨደ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ለአይጥ መደበቂያ ነው፣ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ አይጠፋም።

ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ዘይቱን ጨምቀን ልንሸጥ አስበናል። ያዋጣል? (ከመርሳ)

መሬታችሁም አየሩም ይስማማዋል፣ መስኖም አላችሁ። ግን ወረቀት ላይ አስሉት። ከ100 ኪሎ ትኩስ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለዚያ ደግሞ የእንፋሎት ማጣሪያ ዕቃ፣ ማገዶና ውሃ ያስፈልጋል፣ ገዢም አስቀድሞ መገኘት አለበት። እኔ ብሆን በዘይቱ አልጀምርም። በጥላ በንፅህና የደረቀ ቅጠል በትንንሽ ፓኬት ለሻይ ቤቶችና ለሱቆች፣ ትኩሱን ደግሞ በእስር ገበያ ላይ። የሚገዛችሁ ሰው መኖሩን ካያችሁ በኋላ ወደ ዘይቱ እለፉ። ስለ ተሻሻሉ ዝርያዎችና ስለ አመራረቱ ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ተክሎች ላይ ይሠራል፣ በወረዳችሁ ግብርና በኩል ጠይቁ። ስትገዙ ደግሞ ሲትሮኔላ የሚባለውን ዘመዱን በስህተት እንዳታመጡ፤ ለሳሙናና ለትንኝ ማባረሪያ የሚሆን ነው፣ ሻይ ላይ አይጥምም። ብዙውን ጊዜ ግርጌው ቀላ ይላል፣ ግን ቅጠሉን አሽታችሁ አሽትቱት፣ ልዩነቱን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣልን። ብተክለው ይይዝልኛል? (ከባቲ)

ሙቀቱ ይስማማዋል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ሁለት ወር ነው፣ ሥር እስኪሰድ በሁለት ቀን አንዴ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝናብ ላይ ትከሉት። ሥሩን በድርቆሽ ወይም በማሽላ አገዳ ጎዝጉዙለት፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ። አትክልት የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልነካውን ውሃ አፍስሱለት። ሥር ከያዘ በኋላ በሳምንት አንዴ ይችላል። ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ተጠቅልሎ ከቆየ ጠምቶታል ማለት ነውና ያኔ ተራውን ሳትጠብቁ አንድ ጆግ ጣል አድርጉለት።